ስድስት ወንበሮች ጣና ላይ

አራተኛው ወንበር ላይ ወፍ ቆሞበታል።

ወንበሩ በጀርባው ተንጋሎ ይንሳፈፋል፤ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሏል። ጥቁሩ ወፍ አንዱ እግር ጫፍ ላይ ወጥቶ ክንፉን ዘርግቷል፤ ያደርቃል።

“ውረድ!” ብላ ጮኸችበት ሱምያ፣ ከጀልባው አፍንጫ ላይ ሆና። ወፉ ዞሮም አላያት።

“ቲኬት ቆርጦ ይሆናል” አለ ባለ ጀልባው አዘዘ። ሞተሩን ቀነሰ።

ሱምያ በመቅዘፊያ ውኃውን መታች። ወፉ በረረ። በሆዷ ተኝታ እጇን ሰደደች፤ የወንበሩን እግር ጨብጣ ጎተተች። እንደ ትልቅ ዓሣ ውኃ እየረጨ ወጣላት። አራት። ሁለት ቀሩ።

መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ከኋላ ተቀምጠዋል። ጃንጥላቸው ተዘርግቷል፤ መቋሚያቸው ጭናቸው ላይ ነው። አዘዘን የተከራዩት እሳቸው ነበሩ። ቀኑ ሐሙስ፣ ጥቅምት ሃያ አንድ ነው፤ ደብረ ማርያም ደሴት ላይ ዝክር አለ። ጀልባው ገና ከዳር ሲላቀቅ ነበር አንዲት ወጣት ሴትና አንድ ሽማግሌ ልብሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ውኃ ውስጥ እየሮጡ የደረሱበት።

“ዝክሩ አለፈ” አሉ መሪጌታ።

“ሁለት ብቻ ናቸው የቀሩት፣ የኔታ።”

“ሦስት ሲቀሩም ‘ሁለት ብቻ’ ነው ያልሽኝ።”

ሽማግሌው የሱምያ አባት ሙኽታር ናቸው። ወንበሮቹ ያመጡትን ውኃ በጣሳ እየቀዱ ወደ ውጭ ይደፋሉ። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ አርባውን ጀልባ ሲሠሩ ኖረዋል። ከተነሡ ጀምሮ የሚሉት አንድ ነገር ነው።

“ቋጠሮዬ አይፈታም። ጉማሬ ነው።”

“ጉማሬ ወንበር ምን ያደርግለታል፣ አባ?”

“ይቀመጥበታላ!” አለ አዘዘ።

“ሣር ሊግጥ ሲወጣ ገመዱን ረግጦት ነው” አሉ ሙኽታር። “እኔ ያሰርሁትን አላህ ካልፈቀደ ማንም አይፈታውም።”

“እንግዲህ ለጉማሬው ፈቅዶለታል” አለች ሱምያ።

ወንበሮቹ የዴንማርክ ናቸው። በ1956 ዓ.ም. ለሥራ ባሕር ዳር የመጣ የንስ የሚባል መሐንዲስ ከአገሩ በመርከብ አስጫናቸው። የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች ናቸው፤ እንጨታቸው ቲክ፣ መቀመጫቸው ጥቁር ቆዳ። ምስማር የላቸውም። ብሎን የላቸውም። እግራቸው ወደ ታች እየቀጠነ ይሄዳል፤ ድጋፋቸው እንደ ጨረቃ ቀስት ጎበጥ ብሎ ወገብን ይቀበላል። የንስ ከስድስት ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ ላከራዩት ሰው ትቷቸው ሄደ። ዛሬ ባለቤታቸው የአከራዩ ልጅ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው።

ወለተ ጊዮርጊስ ያንን የአባታቸውን ቤት የእንግዳ ማረፊያ እያደረጉት ነው። ምግብ ቤቱ ሠላሳ ወንበር ይፈልጋል። ስድስቱ አሮጌዎቹ እንዲሆኑ፣ ሃያ አራቱ ደግሞ ልክ እንደነሱ ተደርገው እንዲሠሩ ፈለጉ። ባሕር ዳር ውስጥ ሦስት አናጢ ጠየቁ። ሦስቱም ሶፋ ይሻላል አሏቸው። አራተኛዋ ሱምያ ነበረች።

ሱምያ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ያደገችው በአባቷ መሥሪያ፣ በመላጊያ ፍቅፋቂ መሐል ነው። የቆርቆሮና የፋይበር ጀልባ መጥቶ የአባቷን ትእዛዝ ሲያጠፋው እሷ ቴክኒክና ሙያ ገብታ የቤት ዕቃ ሥራ ተማረች። ከዛሬ ሦስት ዓመት በፊት ዘንዘልማ ላይ፣ አዳዲስ ቤቶች ከበቆሎው ማሳ ጋር በሚጋፉበት ሰፈር፣ የቆርቆሮ ሱቅ ከፈተች። በር ትሠራለች። አልጋ ትሠራለች። ደንበኛ ይመጣና “ባለሙያው የት ሄዶ ነው?” ይላታል። “ፊትህ ቆሟል፤ መላጊያ አቀብለው” ትለዋለች።

ወንበር ግን ማንም አዟት አያውቅም። “በር የሚሠራ በር ሠሪ ነው” ትላለች። “አናጢ የሚባለው ወንበር የሠራ ነው። በር ላይ ማንም ተቀምጦ አይፈትንህም።”

ለሙከራ አንድ ወንበር ሠርታ ለወለተ ጊዮርጊስ ወሰደች። በውጭ ሲያዩት ያው ነው። አሮጊቷ ተቀመጡበት፤ ወዘወዙት፤ ተነሡ።

“ይኼ የወንበሮቼ የአክስት ልጅ ነው” አሉ። “መልኩን ይዟል፤ አጥንቱ ሌላ ነው።”

እውነት ነበር። ሱምያ ድጋፉ ከእግሩ ጋር በውስጥ እንዴት እንደተያያዘ አታውቅም። ለማወቅ አንዱን መፍታት አለባት፤ መፍታት ደግሞ ፈራች። ወለተ ጊዮርጊስ ቁርጡን ነገሯት። መጀመሪያ ስድስቱን ታድስ። ቆዳቸው ይቀየር፤ የሚወዛወዘው እግራቸው ይጽና። ጥቅምት ሠላሳ፣ ቅዳሜ ምሳ ላይ እንግዳ ይቀመጥባቸዋል። ጸንተው ከመጡ ሃያ አራቱ የሷ ናቸው። ካልጸኑ የእህታቸው ልጅ ከአዲስ አበባ የብረት ወንበር ይጭናል።

የዘንዘልማው ሱቅ ጠባብ ስለሆነ ሱምያ ወንበሮቹን ሐይቁ ዳር ካለው የአባቷ ግቢ አወረደቻቸው። ማክሰኞ አሮጌውን ቆዳ አነሣችና ለልክ ይዛው ሄደች። ስትወጣ ለአባቷ፣ “እግራቸው ይወዛወዛል፤ ምን እንደማደርግ ጨነቀኝ” አለቻቸው።

አባት ሆኖ ይኼን ሰምቶ ዝም የሚል የለም።

ጣና ላይ የእንጨት ጀልባ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። የብስ ላይ የከረመ ጀልባ መጋጠሚያው ይከፈታል። መድኃኒቱ ድንጋይ ጭኖ ጥልቀት በሌለው ውኃ ማጥለቅ ነው። በሁለት ቀን እንጨቱ ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ መጋጠሚያው ይዘጋል። ሙኽታር ስድስቱን ወንበሮች በአንድ ገመድ አያይዘው፣ ድንጋዩን በዚያው ገመድ ጠፍረው፣ ገመዱን ችካል ላይ ቋጥረው አጠለቋቸው። ሐሙስ ጠዋት ሱምያ ስትመጣ ችካሉ ብቻ ቆሟል፤ ድንጋዮቹ ከነገመዱ ሥሩ ቀርተዋል።

“ወንበሮቹስ?”

“ውኃ ውስጥ ናቸው” አሉ አባቷ በኩራት። ከዚያ ዞረው አዩ።

አምስተኛውን ከውኃው ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ ተሰክቶ አገኙት። ጀልባው ወደ ደንገሉ ሊገባ አልቻለም፤ የሞተሩ ፕሮፔለር በደንገሉ ሥር ይያዛል። ሱምያ ተንጠራራች። አልደረሰችበትም።

“የኔታ፣ መቋሚያዎን!”

“ይኼ የማኅሌት ነው!”

“ዛሬ ደግሞ የወንበር ይሁን” አለ አዘዘ።

መሪጌታ አመነቱ። ከዚያ ጃንጥላውን ለሙኽታር አስያዙና ተነሡ። የመቋሚያውን ራስ በወንበሩ ድጋፍ ሥር አስገብተው ሳቡ። ወንበሩ ከደንገሉ ተላቀቀ፤ ቀረበ። ፊታቸው በራ። “መጣ! መጣልሽ!” አሉና አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርገው ጎተቱት።

ድጋፉ ከነመቋሚያው ተነቅሎ መጣ። መሪጌታ በጀርባቸው ሙኽታር ጭን ላይ ወደቁ። ጃንጥላው በሁለቱም ላይ ተከደነ።

“ሰበርሁት?” የሚል ድምፅ ከጃንጥላው ሥር ወጣ።

ሱምያ የተረፈውን የወንበር አካል በእጇ ይዛ ሳለ ከኋላዋ ቋ አለ። ከመጀመሪያው ወንበር አንድ እግር ወልቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ከሦስተኛው ሌላ። አዘዘ እግሩን ሰብስቦ ተቀመጠ።

ሱምያ ጣቷን እግሩ ከወጣበት ጉድጓድ ሰደደች። የሚያዳልጥ፣ ቡናማ ነገር ይዛ ወጣች። አሸተተችው። ሙጫ ነው፤ ከአጥንትና ከቆዳ ተቀቅሎ የሚሠራው የድሮ ሙጫ። ደረቅ ሆኖ ስድሳ ዓመት ይይዛል። ውኃ ካገኘ ሾርባ ይሆናል።

“አባ፣ ጀልባ ላይ ሙጫ ታደርጋላችሁ?”

“ሙጫ ለምን? ጀልባ ምስማር ነው፤ ጥጥና ሬንጅ ነው።”

“ወንበር ሙጫ ነው።”

ሙኽታር ጣሳውን አስቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጉማሬው ምንም አላሉም።

መሪጌታ የወደቀውን እግር አንሥተው አገላበጡት። በስለት የተጫረች “መ” አለችበት።

“ይኼን እግር አውቀዋለሁ” አሉ በቀስታ። “ስምንት ዓመቴ ነበር። በሰንጢ ጭሬበት አባቴ ገርፎኛል።” ቀና አሉ። “ይኼ የእኅቴ ወንበር ነው!”

ሱምያ ስታያቸው ገባት። “እርስዎ የእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ…”

“ወንድሟ ነኝ። አንቺ ደግሞ ያቺ አናጢ ነሽ።” መሪጌታ ጀልባው ውስጥ የተከመረውን እንጨት ተመለከቱ። ከዚያ የመቋሚያቸውን ራስ። “እኔ ስስበው ነው የተነቀለው?”

“ሙጫው ነው፣ የኔታ። እርስዎ ምንም አላደረጉም።”

“እሷ ግን እንዲህ አትልም። ማነው የሚነግራት?”

“እርስዎ ይሻላሉ” አለ አዘዘ። “ቤተ ሰብ ነዎት።”

“እኔ ዝክር ላይ ነበርሁ!”

“ስድስተኛው!” ጮኹ ሙኽታር።

ስድስተኛው ብቻውን ወደ ዓባይ መውጫ እያመራ ነበር። አዘዘ ሞተሩን አስነሣ። ጀልባው አፍንጫውን ሰቅሎ ተፈተለከ፤ መሪጌታ በአንድ እጅ ቆባቸውን በሌላው የወንበር እግር ያዙ። ጨረጨራ ግድብ ፊት ለፊት ታየ። ወንበሩ ላይ ደረሱበት፤ ሱምያ በሁለት እጅ አቀፈችው፤ እጇ ላይ ተከፋፈለ። እግሮቹን አዘዘ ያዘ። የመቀመጫውን ማዕቀፍ ሙኽታር ያዙ። ድጋፉን የያዘ የለም። ጎበጥ እንዳለ ውኃው ላይ ተንሸራትቶ ወደ ግድቡ በር ገሠገሠ።

“ከዚህ በላይ አልጠጋም” አለ አዘዘ። “በር ከፍተዋል፤ ይስበናል።”

አራቱም ቆመው አዩት። ድጋፉ በሩ አጠገብ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ጠለቀ፣ ወዲያ ማዶ ብቅ አለ፣ ሄደ።

“ዛሬ ጢስ ዓባይ ያድራል” አለ አዘዘ።

“ፏፏቴውን ከዘለለ ሱዳን ነው” አሉ ሙኽታር።

“ያለ ፓስፖርት” አሉ መሪጌታ።

ማን ቀድሞ እንደሳቀ ኋላ ላይ አልተስማሙም። አዘዘ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሱምያ ሃያ አራት ወንበር በግድቡ በር ሲሄድባት እያየች፣ ርጥብ እግሮች ታቅፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ማቆም አልቻለችም።

ሲመለሱ መሪጌታ ደሴታቸው ወረዱ። ከመውረዳቸው በፊት፣ “ካልጠየቀችኝ አልናገርም። ከጠየቀችኝ አልዋሽም” አሉ።

ዝክሩ አላለፈም ነበር።

አባቷ ግቢ ሲደርሱ ስድስቱም ወንበሮች ተለያይተው ነበር፤ ሱምያ እንጨቱን ሁሉ መረብ ላይ ዘረጋችው። እናቷ ከሪማ ድርድሩን አይተው፣ “ይኼ ወንበር ነው ማገዶ?” አሉ። ሱምያ ተንበርክካ አንዱን እግር አነሣች፤ ከድጋፉ ጋር አገጣጠመችው። ነቀለችው። ደግማ አገጣጠመችው።

“አባ፣ ይምጡ።”

ወደ ድጋፉ የሚገባው የእግሩ ምላስ ቀጥ ያለ አልነበረም። ወደ ውስጥ አዘንብሏል፤ በጎኑም ትንሽ የእንጨት ችንካር ተሸጉጧል። ሰው በተደገፈ ቁጥር መጋጠሚያው ይጠብቃል እንጂ አይላላም። የሷ ምላስ ቀጥ ያለ ነበር፤ ሰው በተደገፈ ቁጥር ይላላል። ሁለት ወር ሙሉ የፈለገችው ነገር መረብ ላይ በስድስት ቅጂ ተዘርግቷል።

“ብፈታቸው ኖሮ አንዱን ብቻ ነበር የምፈታው” አለች። “እሱንም እሰብረው ነበር።”

“እንግዲያው ደግ አደረግሁ” አሉ ሙኽታር።

“አባ!”

“ዝም ብያለሁ።”

እያንዳንዱን ቁራጭ ለካች፤ በካርቶን ላይ ነድፋ ቆረጠች። እንጨቱ በጥላ ስድስት ቀን ደረቀ። ከሪማ ፀሐይ ዞሮ በመጣ ቁጥር መረቡን ይጎትታሉ፤ ዶሮ ያባርራሉ። የቀረው ስድስተኛው ድጋፍ ነበር። ከጣውላ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ በእንጨቱ ርዝመት የሚሄደው ጭረት ጉብጠቱ ላይ ይቆረጣል፤ ሰው ሲደገፈው ይሰነጠቃል። እንጨቱ ራሱ ጎብጦ የበቀለ መሆን አለበት። የጀልባ ጎድን የሚሠራውም እንደዚሁ ነው።

ሙኽታር መሰላል አመጡ። ከጣሪያው ሥር፣ ከወራጁ ጋር ታስሮ፣ አንድ ጎባጣ የዋንዛ ግንድ አለ። ለአንድ ትልቅ ጀልባ ብለው የመረጡት ነው፤ ጀልባውን ያዘዘ ሰው ስላልመጣ አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ደርቋል። ከሪማ ቤቱን የያዘው እሱ ይመስላቸው ስለነበር ሲወርድ ወደ ደጅ ሮጡ። ቤቱ አልወደቀም። ሙኽታር ግንዱን በመጥረቢያ ጠረቡት። ሱምያ በካርቶኗ እየለካች በመላጊያ ጨረሰችው።

አዲሱን ሙጫ ቀብታ ስታበቃ የሚጨምቅላት ሞርሳ ሁለት ብቻ ነበራት። አሥራ ሁለት ያስፈልጋት ነበር። አባቷ ገመድ አመጡ። እያንዳንዱን ወንበር ዙሪያውን አሰሩት፤ ገመዱ ውስጥ ዱላ አስገብተው ጠመዘዙት፤ ቋጠሩት። ጠዋት ሱምያ ቋጠሮውን ልትፈታ አልቻለችም። በቢላ ቆረጠችው።

ሙኽታር ቋጠሮውን አንሥተው ያዙ። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው አሳዩት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስድስቱ ወንበሮች በወለተ ጊዮርጊስ በረንዳ ተደረደሩ። ቆዳቸው አዲስ፣ ቀይ ዳማ ነው። አምስቱ ጠቆር ያሉ ናቸው። የስድስተኛው ድጋፍ ነጣ ብሏል። ሱምያ ቀለም ልትቀባው ትችል ነበር፤ አልቀባችውም።

አሮጊቷ ከዳር ጀምረው ተቀመጡ። አንዱን ወዘወዙ፤ ተነሡ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ስድስተኛው ጋር ሲደርሱ ቆሙ።

“ይኼ ለምን ነጣ?”

ሱምያ ነገረቻቸው። ከችካሉ ጀምራ እስከ ግድቡ በር፣ አንድም ሳታስቀር። ሙኽታር በረንዳው ሥር ቆመው ቆባቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ። ወለተ ጊዮርጊስ ፊታቸው አልተለወጠም።

“ሚስተር የንስ” አሉ በመጨረሻ፣ “በስድስት ዓመት ውስጥ እርጥብ ብርጭቆ አላስነካቸውም። እናንተ ሁለት ቀን ጣና ውስጥ ዘፈዘፋችኋቸው።”

“ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሜቴ” አሉ ሙኽታር። “እሷ አላወቀችም። እንደ ጀልባ አየሁት።”

አሮጊቷ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ጥግ ላይ ቆመው የአትክልቱን ቦታ ያደንቃሉ።

“መርስዔ! አንተ ታውቅ ነበር?”

“ማርያም ዕለት ጣና ላይ ነበርሁ።”

“ታውቅ ነበር ወይ ነው የምልህ።”

“አንዱን በመቋሚያ ያወጣሁት እኔ ነኝ።”

“ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዝም አልህ? አንተ?”

“አልጠየቅሽኝም።”

“ና ተቀመጥ።”

“የት?”

“ነጩ ላይ። ከቤተ ሰቡ ከባዱ አንተ ነህ።”

መሪጌታ ሱምያን አዩ። ሱምያ ዓይኗን ጨፈነች። መሪጌታ አማተቡና ተቀመጡ። እኅታቸው መጥተው ከትከሻቸው ይዘው ወደ ኋላ ገፏቸው፤ ወደ ጎን ገፏቸው፤ እንደ ወተት ናጧቸው። ወንበሩ አንድ ድምፅ አላሰማም። መሪጌታ አሰሙ።

“ተነሣ።” ራሳቸው ተቀመጡበት። ተደገፉ። ወገባቸውን ወዲህ ወዲያ አደረጉ። ደግመው ተደገፉ። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ የጀመረው ነገር ጉንጫቸው ደረሰ፤ ከዚያ ሆዳቸው ተንቀጠቀጠ።

“ወፉስ?” አሉ እየሳቁ። “በእውነት ክንፉን ዘርግቶ?”

“ቲኬት ነበረው” አለች ሱምያ።

የምሳው እንግዶች መምጣት ጀመሩ። ወለተ ጊዮርጊስ ከነጩ ወንበር ሳይነሡ ተቀበሏቸው። ስልካቸውን አውጥተው ለእህታቸው ልጅ ደወሉለት።

“ብረቱን ተወው” አሉት። “አይ፣ አላበድሁም። እዚህ ሰው አግኝቻለሁ።” ስልኩን ዘጉና ሱምያን አዩ። “ሃያ አራቱን በዚህኛው አጥንት። እንጨቱ ዋንዛ ይሁን። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ።” ከዚያ በረንዳው ሥር ወዳሉት ሰው ጠቆሙ። “እሳቸው ይጥረቡ። ውኃ አጠገብ ግን እንዳይደርሱ።”

ሃያ አራቱ ወንበሮች ጥር ሃያ ሁለት ቀን ወለተ ጊዮርጊስ በረንዳ ደረሱ፤ ከተባለው ቀን ሦስት ሳምንት ዘግይተው።